ከመድኃኒቱ በፊት ቀፎው ይመርመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎንደርና በዙሪያዋ ማር ባነሰ፣ ቀፎም ባዶውን በቀረ ቁጥር ወቀሳው በቅድሚያ የሚያርፈው በማሳ ላይ በሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ላይ ነው። ወቀሳው መሠረት አለው፤ አበባ ባለበት ሰዓት የሚረጭ ኬሚካል ንብ እንደሚፈጅ የደምቢያም የወገራም ንብ አናቢ ያውቀዋል። ነገር ግን ቫሮዋ የተባለው ጥገኛ ተባይ በዚህ ንግግር ውስጥ ፈጽሞ ሳይነሳ መቅረቱ ስለሚያሳስበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ቫሮዋ ጥንት በእስያ ንብ ላይ ይኖር የነበረ፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን ግን እኛ ወደምናረባው ዝርያ ተሻግሮ ዓለምን ያዳረሰ ተባይ ነው። በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር በ1987 አሜሪካ፣ በ1997 ደቡብ አፍሪካ፣ በ2022 ደግሞ አውስትራሊያ ደርሷል። በአገራችንም በትግራይ ቀፎዎች መገኘቱን ተመራማሪዎች አስታውቀዋል።

ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ይህ ቀይ ቡናማ ተባይ በቀላሉ የማይታየው የሚራባው ንቦች ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት የታሸገ የሰም ክፍል ውስጥ በመሆኑ ነው። እናቲቱ ተባይ የንብ እጭ ያለበት ክፍል በሰም ሊታሸግ ጥቂት ሲቀረው ትገባለች፤ እዚያው ትፈለፍላለች፤ ልጆቿም እዚያው ተዳቅለው፣ የደረሱት ሴቶች ከወጣቷ ንብ ጋር ይወጣሉ። ከሠራተኛ ንብ ይልቅ የድንጉላውን፣ ማለትም የወንዱን ንብ፣ ክፍል የምትመርጠው ታሽጎ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ተባዩ በዋናነት የሚመገበው ንቧ ስንቋን የምታኖርበትንና በሽታን የምትቋቋምበትን የስብ አካል ነው። በዚያ ላይ ክንፍ የሚያጨማድድ ቫይረስ ያስተላልፋል፤ መብረር ተስኗት በቀፎው ደጃፍ የምትድህ ወጣት ንብ ያየ ሰው ይህን ሊጠረጥር ይገባል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የንብ ቅማል ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ 6 እግር ያለው ክንፍ አልባ የዝንብ ዘመድ ሲሆን ጉዳቱም ቀላል ነው፤ ቫሮዋ ግን 8 እግር ያለው፣ ጠፍጣፋና ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚበልጥ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ሌላ ጥፋት ያመጣል፤ ከኬሚካሎቹ አንዳንዶቹ በሰም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ጧፍ የምናበራበትንና ወደ ውጭ የምንልከውን ሰም ይበክላሉ፤ ተባዩም በጊዜ ብዛት ይለምዳቸዋል።

የእኛ ንብ ደግሞ ያለ መከላከያ አይደለችም። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ንብ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርገው ሲመዘግቡ ስሙን ከስሜን ተራሮች ወስደውለታል። የአፍሪካ ንቦች በጥቅሉ ከአውሮፓዎቹ ይልቅ ቫሮዋን ይቋቋማሉ፤ እጫቸው ፈጥኖ ይደርሳል፣ መንጋም ቶሎ ቶሎ ያወጣሉ፣ ሲቸገሩም ቀፎ ጥለው ይኮበልላሉ። መኮብለሉ እኛን ቢያበሳጭም፣ እጭ የሌለበት ጊዜ ለተባዩ መራቢያ የሌለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የተሻለ ማር ይሰጣል ተብሎ የውጭ አውራ ንብ እንዲገባ የሚቀርብ ሐሳብ ካለ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ምርመራው ውድ አይደለም። አውራዋ ከሚያዙት ንቦች መካከል አለመኖሯን አረጋግጦ፣ እጭ ካለበት የሰም እንጀራ ላይ 300 ያህል ንብ፣ ይኸውም ግማሽ ኩባያ ገደማ፣ ወንፊት ክዳን ባለው ማሰሮ መያዝ፤ የላመ ስኳር ነስንሶ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፤ ከዚያም በነጭ ሳህን ላይ አራግፎ የወደቁትን ተባዮች መቁጠር ነው። ንቦቹም ሳይሞቱ ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ።

ተባዩን ከቦታ ቦታ በፍጥነት የምናደርሰው መንጋ ከወረዳ ወረዳ ገዝተን ስናጓጉዝ እኛው ነን። በመሆኑም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከመስከረሙ የአደይ አበባ ወቅት አስቀድመው ለአናቢዎች ይህን ምርመራ እንዲያሠለጥኑ፣ ያልተመረመረ መንጋም ከወረዳ እንዳይወጣ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን በጉዳዩ ላይ ቢያነጋግርልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ንብ አናቢ፣ ከጎንደር