የፊልም ክበባችን ዓመት፦ ከ«ጤዛ» እስከ ጢስ ዓባይ

«እናንተ ደግሞ ፊልም እያያችሁ ክበብ ነን ትላላችሁ» መባልን ከለመድነው ቆይተናል። ስለዚህ ዘገባዬን የምጀምረው ዘንድሮ ካየናቸው ፊልሞች ሳይሆን ከጠየቅነው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ተጠሪዎች ተመርጠው፣ ደንቡ ተነቦ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት እንድንገናኝ ከተወሰነ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ጉዳይ ይህ ነበር፦ አንድን ፊልም የምንወደው ወይም የምንጠላው በዓይናችን አይተን ነው ወይስ አስቀድሞ ጆሯችን በሰማው?

ጥያቄው ከተማሪዎቹ የመጣ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሳምንታት የተወደሰ ፊልም አይተው «ይኸው ነው እንዴ?» ይላሉ፤ ሌላውን ደግሞ አንድ ሰው በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ስላብጠለጠለው ብቻ ሳያዩት ይተዉታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። የውጭ ፊልም ሲመርጡ የሚተማመኑት የተቺዎችን ግምገማ በሚያሰባስበው ድረ ገጽ፣ በሮተን ቶሜቶስ፣ መቶኛ ስለነበር፣ 95 በመቶ ያገኘ ፊልም ከመቶ 95 ያመጣ ተማሪ ይመስላቸው ነበር። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ከገምጋሚዎቹ ስንቶቹ በጎ አስተያየት እንደሰጡ እንጂ ፊልሙን ምን ያህል እንደወደዱት አይደለም፤ ሁሉም «ደህና ነው» ብለው ያለፉት ፊልም 100 ሊያገኝ፣ ግማሾቹ የተማረኩበትና ግማሾቹ የጠሉት ደግሞ 50 ላይ ሊቀር ይችላል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንሠራ አንድ የሒሳብ መምህር በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል፤ የምጠቅሰውም ሆን ብዬ ነው።

ጥር ላይ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ስናሳይ ለአባላቱ ሁለት ዓይነት ወረቀት አደልን። አንደኛው ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ታላቁን ሽልማት ማግኘቱን ይናገራል፤ ሁለተኛው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝምና በጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየዘለለ ትዕግሥት የሚፈታተን መሆኑን። ሁለቱም ሐሰት የለባቸውም። ሙገሳውን ያነበቡት «የተሸለመው የቱ ጋ ነው?» እያሉ ሲጠባበቁ፣ የቀሩት ገና ከመጀመሩ ሰዓታቸውን ማየት ያዙ።

በልቤ የቀረው ግን የመጋቢቱ ጉዞ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ የሄድነው ቀረጻ ልንለማመድ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ያቆየኋትን አሮጌ የአንድ ብር ኖት አውጥቼ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ፏፏቴ እያሳየሁ በክረምት ስፋቱ 400 ሜትር ያህል እንደሚደርስ አብራራሁላቸው። ስንደርስ በጋ ነውና፣ የወንዙም ብዙ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ስለሚጠለፍ፣ በጥቁሩ አለት ላይ እንደ ተሰጣ ነጠላ የቀጠነ ውኃ ብቻ ይወርድ ነበር። አብዛኞቹ ስልካቸውን ሳያወጡ ጥላ ፍለጋ ሄዱ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ኖቷን ተቀብላኝ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከፏፏቴው ትይዩ ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታስተያይ ቆየች። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝና «መምህር፣ ይቺን ባያሳዩን ኖሮ እኮ ይኸኛውን እንወደው ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ከሙገሳ ተጠንቀቁ ስል የቆየሁት ሰው አውቶቡስ ውስጥ አሞጋሽ ሆኜ ነበር። እሷ ወርዳ አለቱ ሥር ተንበርክካ፣ አንዱን ቀጭን የውኃ ክር ብቻ ለሁለት ደቂቃ ቀረጸች።

ያልተሳካልን አለ። ለዓመቱ መዝጊያ ያሰብነው አጭር ፊልም አላለቀም። ፕሮጀክተር በየጊዜው በደብዳቤ የምንለምን፣ ድምፅ ማጉያ ከሚኒ ሚዲያ የምንዋስ፣ መስኮት በጥቁር ላስቲክ የምንሸፍን ነን፤ መብራት የጠፋብንን ቀን አልቆጥርም። ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ ከልብ አጨብጭበናል፤ መጋረጃ ከማልያ ይበልጥ ይወደዳል ብዬ ግን አላምንም። የወላጅ መምህር ኅብረቱም (ወመህ) ሆነ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለአዳራሹ መስኮቶች ወፍራም ጨርቅ ቢያስቡልን ሰፍተን የምንሰቅለው ራሳችን ነን።

የልጅቷ የሁለት ደቂቃ ቀረጻ በወላጆች ቀን ይታያል። ጠዋት ስለሆነ መጋረጃው ቢደርስልን መልካም ነው። ያለ ምንም መግቢያ እንዲቀርብ ክበቡ ስለወሰነ፣ እኔም ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።