ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ እሳቱና ስለ አለቃሽ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን እናትሽ ቀድማኝ አነበበችውና «ይቺ ልጅ ሥራውን ልትለቅ ነው» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን እንደዚያ አልታየኝም። አለቃሽን ስታሚ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝ መሮው ለምን እንደተሰነጠቀ ነው። ሊለቅ የቆረጠ ሰው ስለ መሮ ምን አገባው?

ስለዚህ ከመሮው እንጀምር።

መሮውን የሠራሽበትን ባሌስትራ አግለሽ ውሃ ውስጥ ነክረሽዋል። ነገሩ እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። የመኪና ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ክሮሚየም ወይም ሲሊከንም ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ብረት ዘይት ነው የሚወደው። ውሃ ሙቀቱን ባንዴ ይነጥቀዋል። ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፣ መሀሉ ገና ነው፣ ሁለቱ ሲጓተቱ ቋ ይላል። ድምፁን ሰምተሻል አይደል? ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ደግሞ አሮጌ ባሌስትራ ከመኪናው ሥር ሳለ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ ብረት የማይገዙልሽ ከሆነ ቢያንስ ከመጀመርሽ በፊት ጫፉን ሞርጂና በደንብ እዪው።

ዘይቱንም ቀዝቃዛውን አትጠቀሚ። ወደ 50 ዲግሪ ሞቅ ሲል ይቀጥናል፣ ብረቱን ዙሪያውን እኩል ይይዘዋል። ዕቃው የብረት ይሁን፣ ክዳንም ይኑረው። የፕላስቲክ ባልዲ እንዳልሰማ። ስትነክሪ የቀላው ክፍል በሙሉ ከዘይቱ በታች ይግባ። ግማሹ ውጪ ከቀረ ላዩ ይነዳል። ከነደደ ክዳኑን ግጠሚበት። ውሃ ግን በፍጹም! ውሃው ወዲያው ይተንና የሚነደውን ዘይት ይዞ ይረጫል።

ከመንከርሽ በፊት ደግሞ ብረቱን አሳርፊው። ሲቀጠቀጥ ውስጡ ተረብሿል። ማግኔት እስኪከዳው፣ ማለትም መያዝ እስኪተው አግለሽ፣ አየር ላይ ጥቁር እስኪሆን ትተሽ፣ እንደገና። ሦስት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ብረት ማግኔት የሚከዳው 770 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ብቻ ጨምረሽ ነው የምትነክሪው። ለመሮ የስለቱን ጫፍ ብቻ አግይ። አናቱ ለስላሳ ይቅር። መዶሻ የሚያርፍበት ጫፍ ከጠነከረ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከዘይቱ ሲወጣ ሞረድ አስነኪው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ግን ገና አላለቀም፣ አሁን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ወዲያው ቴምፐር አድርጊው፤ ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ በልኩ መልሰሽ አሙቂው ማለት ነው። ለነገ አይባልም፤ አድሮ በራሱ የተሰነጠቀ ብረት ብዙ አይቻለሁ። ስለቱን አጽጂና ከኋላው በኩል ቀስ ብለሽ አሙቂው። ቀለሙ ሲሄድ ታዪዋለሽ። 220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ከዚያ ቡናማ፣ 280 ላይ ወይን ጠጅ፣ 300 ላይ ሰማያዊ። ብረት ለምትቆርጪበት መሮ ወይን ጠጁ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ሲል አቁሚው።

ይህን ሁሉ እንደምታውቂው አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ለቴምፐር ጊዜ አልነበረም» የምትል አንዲት መስመር አለች። አለቃሽ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በቀን ስንት ቁራጭ እንደወጣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል አልሽ። ኢላማው ከተሞላ አረንጓዴ፣ ካልተሞላ ቀይ። ቀይ ከሆነ ስብሰባ። ይገባኛል። ሰውዬው ክፉ አይመስለኝም። ከበላዩ ያለው ሰው ቁጥር ይለምነዋል፣ እሱም ቁጥር ያመጣል። ችግሩ እሱ የሚቆጥረው ከእሳት የወጣውን ነው እንጂ ሥራ ላይ ውሎ ያልተሰበረውን አይደለም። ቁራጭ ብቻ የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚዘለለው ደግሞ ሁልጊዜ የማይታየው ሥራ ነው። ማሳረፉ ይዘለላል፣ ቴምፐሩ ይዘለላል። ቴምፐር ያልተደረገ መሮና የተደረገው ሳጥን ውስጥ ሲቀመጡ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው የሆነ ሰው እጅ ላይ ነው።

ይህን ሥራን በሰዓትና በቁጥር የመለካት ነገር ካስፋፉት ሰዎች ዋናው ፍሬድሪክ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። የዛሬ አለቆች ስሙን ባያውቁትም የሱን መንገድ ነው የሚከተሉት። ሰዓት ይዞ ሠራተኛ አጠገብ መቆም፣ ሥራውን መበጣጠስ፣ ማሰቡን ለቢሮ መስጠት። ግን እሱ ራሱ የብረት ሰው ነበር። በ1878 ብረት ፋብሪካ ሲገባ ከተራ ሠራተኛ ነው የጀመረው። በኋላ ማውንሰል ኋይት ከሚባል የብረት ባለሙያ ጋር ሆኖ በአንድ ነገር አንጥረኛውን ሁሉ አሳፍሯል። ያኔ የመቁረጫ ብረት ከደማቅ ቀይ ካለፈ ሞተ ነበር የሚባለው። እነሱ ቱንግስተንና ክሮሚየም ያለበትን ብረት ሊቀልጥ እስኪቃረብ አግለው አከሙት። ቀልቶ እያለ እንኳ ስለቱ የማይታጠፍ ሆነ። በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያሳዩት ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው።

ቴይለርን አልወደውም። ሠራተኛ ማሰብ የለበትም የሚለው ነገሩ ያበሳጨኛል። ግን እሳቱ አጠገብ ቆሞ ዓመታት ፈትኖ ነው የተናገረው። ተተኪዎቹ የወረሱት ሰዓቱን ብቻ ነው። ማሰቡ ለቢሮ ይሁን ማለትም እኛ ሥራ ላይ አይሠራም። ብረቱ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲወርድ ስንት ምት እንደቀረሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ያኔ ማንን ሄደሽ ታስፈቅጃለሽ?

ምን ታደርጊ መሰለሽ። አትጣዪው። የተሰነጠቁትንና ተመላሽ የመጡትን ሰብስቢና ጠረጴዛው ላይ ደርድሪለት። ንግግር አያስፈልግም። «እነዚህ ባለፈው አረንጓዴ ተብለው የተቆጠሩ ናቸው» በይው፣ በቃ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ አምድ እንዲጨመር ጠይቂ፦ ተመላሽ። ቁጥር ለሚወድ ሰው ቁጥር ስጪው። ማልቀስ ግን አይሰማም።

ጊዜ ሲጠይቁሽም በግምት ደቂቃ አትጥሪ። በእሳት ቁጠሪ። ይህ ሥራ ስንት ጊዜ እሳት ይገባል? ለመሳብ (ቀጥቅጦ ለማርዘም) ስንት፣ ለማጠፍ ስንት፣ ለመብሳት ስንት? አንዱ እሳት በናንተ ምድጃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኪና አባዢው። ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ከወር በኋላ አንቺ ያለሽ ቁጥር እሱ ኤክሴል ላይ ካለው የተሻለ ይሆናል።

«ብረት ታባክኛለሽ» ለሚለውም እንዲሁ። ብረት ሲሳብ አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው። 20 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ብረት ወደ 10 ሚሊሜትር ከሳብሽው አራት እጥፍ ይረዝማል፤ 10 ሴንቲሜትሩ 40 ይሆናል። በየእሳቱ ቅርፊት ሆኖ የሚረግፍ ትንሽ አለ፣ እሱን ጨምሪበት። ሒሳቡን ወረቀት ላይ አድርገሽ ከቁራጩ ጋር አስረክቢ። ብሎወሩን ከመጠን በላይ ለቀሽ ከሆነ ግን ሰውዬው እውነት አለው። ትርፍ ንፋስ ብረት ይበላል።

የጠዋቱ ስብሰባ ነገር አስቆኛል። «ቆመን የአስር ደቂቃ» ተብሎ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ መጥራት ምን የሚሉት ነው? እሳት ሳይያያዝ ይሁን ብለሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ግን ብረት እሳት ውስጥ ትተሽ እንዳትሄጂ። አውጪው፣ ብሎወሩን አጥፊ፣ ከዚያ ሂጂ። ካርቦን የበዛበት ብረት ቶሎ ይቃጠላል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ ሲረጭ ካገኘሽው ያ ጫፍ አበቃለት፣ ቆርጠሽ ጣዪው። በመዶሻ አይድንም።

ዎርክሾፑን ነጭ ቀብተው መብራት አበዙበት ያልሽው ደግሞ ከሁሉም አናደደኝ። ለጎብኚ ያምራል። አንጥረኛ ግን ቀለም የሚያነበው ጥላ ውስጥ ነው። በደማቅ ብርሃን ጥቁር ቀዩ አይታይሽም፣ ብርቱካናማው ደግሞ ቀይ ይመስልሻል። ስለዚህ ከሚገባው በላይ ታግያለሽ። ከምድጃው በላይ ያሉትን መብራቶች ለብቻ ማጥፊያ እንዲያደርጉላቸው ጠይቂ። ካልሆነ በላሜራ ከልይው። ጉጠቶቹን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁጥር ለጠፉባቸው ያልሽው ላይ ምንም አልልም። እሺ ልበል፦ ጉጠት ዞር ሳትዪ እጅሽ የሚደርስበት ይሰቀል። የማይገጥም ጉጠት በመቸኮል ማንሳት ነው ሰው የሚያቃጥለው። ብረቱን በደንብ ካልነከሰ አፉን አግለሽ በልኩ አስተካክዪው። ጥሩ አንጥረኛ ለሥራው ልክ ጉጠት ይሠራል እንጂ ሥራውን ለጉጠቱ አይሠራም።

አዲሱ ዩኒፎርም ፖሊስተር ከሆነ አትልበሺው። ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ወይም ቆዳ ብቻ። እዚህ ላይ ተጣዪ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ጓንት በሁለቱም እጅ የሚለውንም አስረጂያቸው። ብዙ አንጥረኛ መዶሻ የያዘበትን እጁን ባዶ ያደርጋል፣ ጓንት ካለ መዶሻውን ጨምድደሽ ትይዢና ክንድሽ ያልቃል። በጉጠቱ እጅ ሰፋ ያለ፣ ባንዴ ተወርውሮ የሚወልቅ ቢሆን ይበቃል። መሬት ላይ ያለ ብረት ሁሉ ትኩስ ነው ብለሽ ያዢ። ጥቁር ሆኖም 400 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የእጅሽን ጀርባ አስጠጊ።

መነጽሩንና የጆሮ መድፈኛውን በተመለከተ ግን ከአለቃሽ ጋር ነኝ። «ድሮ እኮ ያለዚህ ነበር የሚሠራው» የሚሉሽ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ለምን እንደሚጮኹ አስተውለሻል? ጆሯቸው ስለሄደ ነው። የአየር ማስወጫ ይሥራ የሚለውም ትክክል ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ዚንክ የተለበጠ ብረት ደግሞ እሳት ውስጥ በጭራሽ አታስገቢ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ጢሱ ማታ በትኩሳትና በብርድ ያንዘፈዝፋል። ወጣቱ ረዳትሽ ይህን ያውቃል? ዛሬውኑ ንገሪው።

ለልጁ ሌላም አንድ ነገር አሳዪው። ጫፍ ሲያሾል ከክብ ብረት ቀጥታ ወደ ክብ እንዳይሄድ። መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ጫፉ ሲደርስ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያ ክብ። ክቡን እያዞሩ መደብደብ መሀሉን ይሰነጥቀዋል። ረጅም መንገድ ይመስላል፣ ጊዜ ግን ያተርፋል። አለቃሽ አጠገባችሁ ቆሞ ካየ እሱም ይማር።

ትለቂያለሽ አትለቂም የሚለውን ላንቺ ትቼዋለሁ። የተመላሹን አምድ ከጨመሩልሽ፣ መብራቱንም ካጠፉልሽ ሰዎቹ ይሰማሉ ማለት ነው፣ ቆዪ። ለሁለቱም እምቢ ካሉሽና በተሰነጠቀ መሮ ላይ «ጥራቱን ያለፈ» ብለሽ ፈርሚ ካሉሽ ግን አትፈርሚ። ያኔ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀምሪ። እናትሽ ይህን አንብባ «ራስህ እኮ ነህ የምታስለቅቃት» እያለችኝ ነው።

ትከሻሽን ያመመሽ ነገር ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ብረት የምትቀጠቅጪበት መስፍ ከፍ ያለብሽ ይመስለኛል። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ወደ ታች ልቀቂና ጨብጪ። የመስፉ ፊት የጭብጥሽ አንጓ ጋ መሆን አለበት። የናንተውን በወንድ ቁመት አስተካክለው ተክለውት ይሆናል። ከዚያ ላይ ከባድ መዶሻ ከጨመርሽ ትከሻሽ አይችልም። አንድ ኪሎ ይበቃሻል፣ እሱንም ላላ አድርገሽ ያዢው። የመስፉን ከፍታ ከወለሉ ለክተሽ፣ የመዶሻውን ክብደትና ያገኘሽውን ዘይት ዓይነት ጨምረሽ ጻፊልኝ። መስፉ ዝቅ ማለት ካለበት የተቀመጠበትን ግንድ በስንት ሴንቲሜትር እንደምትቆርጪው እነግርሻለሁ።

አባትሽ