አጥንት ለሚያጸዱ ጥንዚዛዎች ሙቅ ክፍል፦ የድጋፍ ጥሪ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆችና ወዳጆች!

እኛ በደብረ ብርሃን የምንገኝ የባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች፣ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚገለገሉበት የእንስሳት አጽም ስብስብ እያደራጀን ነው። ተማሪው የበግ መንጋጋ በእጁ ይዞ ጥርሱን ይቁጠር፣ የአህያ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ ራሱ አጥፎ ይየው ብለን ነው። ለሥራው የመረጥናቸው ሠራተኞች ደመወዝ አይጠይቁም፤ ብርድ ግን አይችሉም። ቆዳ በል ጥንዚዛዎች ናቸው።

«ቀቅላችሁ አትገላገሉም?» የሚሉን አሉ። አጥንት ሲቀቀል ስቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጥርስ ይወላልቃል፣ የጠቦት ራስ ቅል በየመገጣጠሚያው ይለያያል። መቅበርም ወራት ይፈጃል፤ ጥቃቅኑ የእግር አጥንት አፈር ውስጥ ይቀራል። ጥንዚዛው፣ በተለይ ጸጉራሙ ቡናማ እጭ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባና እንደ ወረቀት የሳሱትን የውስጥ አጥንቶች ሳይሰብር የደረቀውን ሥጋ ብቻ ይለቅማል። ብዙ ሆነው ሲበሉ ጆሮ ለሰጠ ሰው ሲቆረጥሙ ይሰማል። ሽታውን አናወራም።

ችግራችን ብርዱ ነው። እነዚህ ነፍሳት በደንብ የሚበሉትና የሚባዙት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። ከተማችን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሲበርዳቸው መብላት ያቆማሉ። ከልክ በላይ ሲሞቃቸው ደግሞ ጉልምሶቹ ክንፍ ዘርግተው ይበራሉ። ስለዚህ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪና ሶላር ያስፈልገናል። ጥንዚዛውን ለመግዛት አንድ ብር አንጠይቅም፤ ቆዳ ነጋዴዎች የሚረግሙት ተባይ ስለሆነ ከመጋዘናቸው በነጻ እንለቅማለን።

«ቢያመልጡስ?» ለሚለው ጥያቄ ትልቅ ቦታ ሰጥተናል። አገራችን ገዳማትና አድባራት የሞሉባት ናት፤ የብራና መጽሐፍ ደግሞ ቆዳ ነው፣ ለእነዚህ ነፍሳት ምግብ። ስለዚህ ክፍሉ ለብቻው የቆመ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከቆዳ መጋዘንም የራቀ ይሆናል። የእንጨት ሳጥን አንጠቀምም፤ እጩ ቅርጹን ሊለውጥ ሲል እንጨት እየበሳ ይደበቃል። በለስላሳ መስታወት ላይ ግን ሽቅብ መውጣት አይችልም። ስለዚህ አሮጌ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ያላችሁ፣ ውኃ ቢያፈስም አትጣሉት፤ በላዩ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት እንገጥምለታለን። የጸዳ አጥንት ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የተረፈ እጭ እንዲሞት ፍሪዘር ውስጥ ይሰነብታል። የፍሪዘሩ ወጪ ከሁሉም ይከብደናል። ከዚያ በሳሙና ውኃ ተዘፍዝፎ ስቡ ይወጣል፣ በፋርማሲ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይነጣል። በረኪና አጥንቱን ስለሚበላው አናስነካውም።

የእቃ ዋጋ ስለማይረጋ የብሩን መጠን እዚህ አልጻፍንም፤ ፕሮፎርማዎቹ እኛ ዘንድ አሉ፣ መጥቶ ማየት ይቻላል። ገንዘብ የሚቀበለው ገንዘብ ያዣችን ብቻ ነው፣ ያውም በደረሰኝ። አናጺና ኤሌክትሪሺያን የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች የአንድ ቅዳሜ ጉልበታችሁን ብትሰጡን ከብር አናሳንሰውም።

እንስሳ ለመለገስ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉልን። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ደም የፈሰሰውን ከብት እንዳትነኩት፣ እንዳትከፍቱትም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታን ስለምንፈራ የውሻ ጭንቅላት አንቀበልም። ጭላዳና የጓሳ ቀይ ቀበሮ ሞተው ቢገኙም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይነኩም። የምንቀበለው ከሥጋ ቤትና ከበዓል እርድ የተረፈውን ነው፣ እሱንም ፍሪዘሩ ከተገዛ በኋላ። እስከዚያ ድረስ፣ እባካችሁ፣ ማንም ጭንቅላት በፌስታል ይዞ እንዳይመጣ።