ጫማችሁን አውልቃችሁ ለገባችሁ ሁሉ

ትርኢታችን ካለቀ ይኸው ሁለት ሳምንት ሞላው። ይህን ምስጋና በማግስቱ ልጽፈው ነበር፤ አልሆነም። መጀመሪያ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ከዚያ ጉንፋን ጣለኝ፣ ከዚያ ደግሞ የተዋስነውን ዕቃ ስንመልስ ከረምን። አሁን ገና አረፍ ብዬ ተቀምጫለሁ። የምናመሰግነው ሰው ብዙ ስለሆነ የዘነጋኋችሁ ካላችሁ አትቀየሙኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጉለሌ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ለ6 ክፍል ከፋፍለን ሰው በዓይኑም በአፍንጫውም በጆሮውም በእጁም በባዶ እግሩም የሚያየው የሥነ ጥበብ ትርኢት አዘጋጅተን ነበር። ከጥር 24 እስከ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ቆየ። 14 አርቲስቶች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም እዚሁ ከተማ የሚኖሩ ናቸው። «አይነካም» የሚል ጽሑፍ የትም አልለጠፍንም። እንዲያውም «ንኩ» እያልን ነበር የምንለምነው፤ ሰዉ መጀመሪያ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ አስቸገረን።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው ከሩቅ አገር ነው። እህቴ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው የምትኖረው። በ2015 ልጠይቃት ሄጄ ሚያው ዉልፍ የሚባሉት የአርቲስቶች ቡድን የሠሩትን፣ ኮንቨርጀንስ ስቴሽን የሚባለውን ትርኢት አሳየችኝ። ከ100 በላይ የኮሎራዶ አርቲስቶች የሠሩበት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ነው። የመጀመሪያውን ቋሚ ትርኢታቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 ሳንታ ፌ ከተማ ሲከፍቱ ቦታው አሮጌ የቦውሊንግ ቤት ነበር፤ እዚያ የፍሪጅ በር ከፍተህ ሌላ ዓለም ውስጥ ትገባለህ። እኔ ከዴንቨሩ አፌን ከፍቼ ወጣሁ። እህቴ ግን መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን እያሰረች «ይሄ እኮ ማኅሌት ነው» አለችኝ።

ሳቅኩባት። ማታ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከበሮው ደረትህን ይመታሃል፣ ጸናጽሉ ከላይ ይረጭብሃል፣ ዕጣኑ በነጠላህ ተሸሽጎ ቤትህ ድረስ ይከተልሃል። ቤት ውስጥም ቢሆን ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ሲቆላ ያው ነው። «ኢመርሲቭ»፣ ማለትም ሰውን ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚያስገባ፣ የሚለውን ቃል ነው እንጂ የተዋስነው ነገሩማ የቤታችን ነው ብዬ ተመለስኩ። ጫማ የማስወለቁ ነገር ከዚያ ነው የመጣው፤ በኋላ ጣጣ አመጣብን እንጂ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የመጋዘኑን ባለቤት። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግንቦት 2016 በጀት ስንይዝ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። እኛ ልንከፍት ስንል ከ120 ብር አልፏል። ፕሮጀክተሩ፣ መብራቱ፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የኪራዩ ዋጋ ሲነገረን እየተያየን ዝም አልን። እርስዎ የመጋዘኑን ኪራይ ሳይጨምሩ «ከሠራችሁ በኋላ ትከፍላላችሁ» ባይሉን ኖሮ ያኔ በትነነው ነበር። በደብዳቤ ቃል የገባልን አንድ ስፖንሰርም በዚያው ሰሞን ጠፋ። ስሙን አልጠራም። ስልኩን ግን እስከ ዛሬ አላነሳም።

9 ፕሮጀክተር አስበን 3 ተከራየን። የቀረውን በእጅ መሥራት ግድ ሆነ። ከአርቲስቶቻችን የሚበዙት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ግድግዳ በጭቃ መለሰን ግን እዚያ አልተማሩትም። መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሄደን እነ አርቲስት ኤልያስ ስሜ ያነሷቸውን የጭቃ ግድግዳዎች ስናሻሽ ዋልን። ከዚያ ጭቃና ጭድ የሚያቦኩ ሁለት አባቶች አግኝተን ሥራው ሠመረ። ጭቃው ሳይቦካ ከተለሰነ ይሰነጠቃል፤ ሲቦካ ደግሞ ይሸታል። ጎረቤቶቻችን ለዚያ ለሳምንቱ ሽታ ይቅርታ አድርጉልን።

አሁን ስለ እማማ። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ጀበና ቡና የሚሸጡት እናታችን ናቸው። ሕይወታችንን ያተረፉልን እሳቸው ናቸው፤ ለማጋነን ብዬ አይደለም።

አራተኛው ክፍል የሽታ ክፍል ነበር። 4 በ5 ሜትር፣ መስኮት የለውም። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳውን በጋቢ አልብሰነዋል፣ በሩ ላይም ድርብ ጋቢ ሰቅለናል። ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ልምምድ አደረግን። አንድ ምድጃ ከሰል ለዕጣኑ፣ አንድ ምድጃ ለቡናው። ሲያምር! ጢሱ በቀጭን ብርሃን ውስጥ ሲሽከረከር ቪዲዮ እየቀረጽን ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ ሠዓሊያችን ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። ሌላው ልጅ ወጥቶ አስመለሰ። እኛ ምሳ ስላልበላን ነው አልን።

እማማ ብረት ምጣዳቸውን ሊያቀብሉን መጡ። ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንድ ጊዜ አዩ። «እናንተ ልጆች፣ ከሰል ያፍናል አልተባላችሁም?» አሉና ጋቢውን ከነምስማሩ ገነጠሉት። ሁለቱንም ምድጃ በእጃቸው አወጡ። እኔን በጆሮዬ ጎትተው አወጡኝ፤ ዕድሜዬ 38 ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የሽታ ክፍል ሠርተን ሊጨርሰን የነበረው ሽታ የሌለው ነገር ነው። 20 ሰው አስገብተን በሩን ዘግተን ቢሆንስ? እሱን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

መፍትሔውም የሳቸው ነው። «ቡናው ውጭ ይቆላ፣ ሽታው ራሱ ይገባል» አሉ። ምናለሽ ተራ የሚሠራው ወዳጃችን መጥቶ ቆርቆሮውን በሰው ራስ ልክ በስቶ አሮጌ ቬንትሌተር ገጠመበት። ዕጣኑን ደግሞ በኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ አሞቅነው፣ የጋቢውን ግማሽ አንስተን አየር እንዲገባ አደረግን። ከዚያ በኋላ እማማ ከግድግዳው ማዶ ሲቆሉ መጀመሪያ ጣ ጣ ጣ የሚለው ይሰማል፣ ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። ሰዉ ግድግዳውን እየዳሰሰ «ቡናው የት ነው?» ይላል። ሲወጣ እሳቸው ጋ ይሰለፋል። በሁለተኛው ቀን ስኒ አልበቃ ብሏቸው የእህታቸውን ልጅ ጠሩ። እማማ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ጆሮዬም ድኗል።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቻችን ክበሩልን። አባባ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሠሩ የመወርወሪያውን ድምፅ ቀርጸን ለሁለተኛው ክፍል ተጠቀምንበት፤ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠለው ሸማም የሳቸውና የልጆቻቸው እጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በቡድን መጡ። አንዱ ልጅ የጥለቱን ጠርዝ በጣቱ እየተከተለ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ። «እዚህ ጋ አንድ ክር ዘሏል» አለ። ለአባባ ስልክ ደወልን። ለአፍታ ዝም አሉና «ማን አየብኝ?» አሉ። እኛ ስድስት ወር ሙሉ ያንን ሸማ ስናይ ከርመን ነበር። ለዚያ ተማሪ የተለየ ምስጋና አለን። ብሬል መግለጫ አለማዘጋጀታችንንም በጨዋ ቋንቋ ነግሮናል፤ ልክ ነው፣ አፍረናል።

ሁለተኛው እሑድ መብራት ሄደ። የተከራየነው ጄነሬተርም አብሮ ለገመ። 40 ደቂቃ። ማሲንቆ ተጫዋቻችን ወንበር ስቦ ጨለማው ውስጥ የተሰለፈውን ሰው አንድ በአንድ እየነካ ይገጥም ጀመር፤ እኔንም ስለ ጆሮዬ አልማረኝም። ብዙዎቻችሁ ወደዳችሁት። «እኛ የከፈልነው ለዚህ አይደለም» ብላችሁ ገንዘብ ያስመለሳችሁት 3 ሰዎችም ልክ ናችሁ፤ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።

በየማለዳው ትኩስ ቄጤማ ይዛ የምትመጣው እህታችን፣ አንድ ቀን ሳታጓድል፤ ቄጤማ ባንድ ቀን ደርቆ እንደሚወጋ በመጀመሪያው ምሽት ነው የገባን። ቲኬት ስትቆርጡ የዋላችሁ የሠፈር ልጆች። ዴንቨር ያለችው እህቴ፣ ከነማኅሌትሽ። ሚስቴ፣ ቤት ማደሪያዬ ብቻ የሆነበትን ወራት ስለቻልሽው።

የቀሩት ሊስትሮዎቻችን ናቸው። አምስቱ ልጆች በሩ ላይ ጫማ እየተቀበሉ በካርቶን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ጫማ መጥረግ እኛ አላዘዝናቸውም፤ ራሳቸው ጀመሩት። ሰው አቧራ ለብሶ መጥቶ ሲወጣ ጫማው ያብረቀርቃል። ሂሳቡን እናንተ ከኪሳችሁ ስለከፈላችኋቸው ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

የመዝጊያው ምሽት ግን ግፊያ ሆኖ ቁጥሩ ተደበላለቀ። ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ አንድ ጥንድ ቀረ፤ ጥንድ ከተባለ። ሁለቱም ቡናማ የወንድ ቆዳ ጫማ ነው። ግራው 42፣ ቀኙ 43። እንግዲህ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቀኝ 42 እና ግራ 43 አድርጎ እየሄደ ነው፤ አንዱም ባለቤት በባዶ እግሩ ቤቱ ገብቷል። ጫማው እማማ ጋ ነው። ልጆቹ እንደገና ጠርገውታል። ቡና እየጠጣችሁ ተለዋወጡ።