ዲፈረንሻል ስትቀይሩልን ጥርሱን ቁጠሩልን

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ መኪና መለዋወጫ ዋጋ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፈው። ዋጋውማ ልክ ናችሁ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የዶላሩ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሶማሌ ተራ ገብቶ ሳይደነግጥ የሚወጣ ሰው አላየሁም። እኔን ግን ከዋጋው በላይ ያቃጠለኝ ጋራዡ ጥርስ ሳይቆጥር የገጠመልኝ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርሳም ክፍል) ነው።

ያለኝ አሮጌ ፎር ባይ ፎር ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፣ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን እህልና ድንች እጭንበታለሁ። አንድ ቀን ጣርማ በርን ወጥቼ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ስገባ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ከኋላ እንደ ተርብ የሚያለቅስ ድምፅ ግድግዳው እየመለሰ ጆሮዬ ውስጥ ከተተው። ነዳጅ ስሰጠው ይጮሃል፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ይላል። ሜዳ ላይ ብሆን ኖሮ የጎማ ድምፅ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ጥፋቱ ከኔ ነው የጀመረው፣ አልዋሽም። ከኋላው አክስል ላይ ያለችው ትንሿ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍና ከርማለች፣ ዲፈረንሻሉ ሲግል አየሩ መውጫ ሲያጣ ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) ገፍቶ ዘይቱን ያወጣል፣ የኔም እንደዛ ነው የሆነው። የወጣው ዘይት አንድ ጎን ታምቡር ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን አርሶታል፣ በዛ ፍሬን ጣርማ በርን ቁልቁል ስወርድ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያንቀጠቅጠኛል። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት አለው አይደል፣ ሲፈታ የብረት ብናኝ እንደ ፂም አብቅሎ ወጣ።

ጋራዡ (ስሙን አልጠራም) «ይሄን ማደስ ጊዜ ነው የሚፈጀው፣ ሙሉ ያገለገለ እንገጥምልሃለን፣ ማታ ትወስዳለህ» አለኝ። እኔም ጭነት ስለነበረብኝ እሺ አልኩ። እውነትም የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ሁለቱን አክስል ስበህ ካርዳኑን (ከማርሹ ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ) ከፈታህ በኋላ ከፊት በኩል ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። ማታ ወሰድኩት፣ ድምፁ የለም፣ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ከዛ በኋላ ነው ነገሩ። በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው ዳገት ሁለተኛ መጠየቅ ጀመረ። ጭነቱ በዝቶ ይሆናል አልኩ። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ፎር ባይ ፎር አስገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደረቁ መንገድ ላይ ግን መኪናው አንድ ሰው ከኋላ ይዞ እንደሚጎትተው ሆነ፣ የፎር ባይ ፎሩ ማርሽም አልወጣም አለ፣ ወደ ኋላ ስነዳው ነው የለቀቀው።

ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ምንም አልፈቱም። ከኋላ አንዱን ጎማ በክሪክ አነሱ፣ ሌላኛው መሬት ላይ፣ ማርሹ ዜሮ፣ ካርዳኑ ላይ በጠመኔ አሰመሩና የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር አሉኝ። ካርዳኑ አራት ዙር ሳይሞላ ቆመ። ከፊትም እንደዛው ስናደርግ አራት ሞልቶ ትንሽ አለፈ። «አንተ፣ ይሄ እኮ ያንተ ዲፈረንሻል አይደለም» አሉኝ። ሲፈታ የኋላው ኮሮና (ትልቁ ጥርስ) 43 ጥርስ፣ ፒኞኔው (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) 11፣ የፊቱ ደግሞ 41 በ10። ማለት ካርዳኖቹ መቶ ጊዜ ሲዞሩ የፊት ጎማ 24 ተኩል ገደማ፣ የኋላው 25 ተኩል ገደማ ይዞራል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም፣ አስፋልት ላይ ግን የሚንሸራተት ስለሌለ ትንፋሹ የሚቆረጠው ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ካርዳን የሚያካፍለው ሳጥን) ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም ሲዋሽ ነው የከረመው፣ 60 ሲለኝ እኔ 63 እየሄድኩ ነበር።

ጋራዡ ተመልሼ የድሮውን ስጡኝ ስል «ጋሼ፣ እሱማ ለቁራሌ ሄደ» አለኝ ልጁ። የኔ ብረት! ሳይጠይቁኝ!

መጨረሻ ላይ ሌላ 41 በ10 አፈላልገን አሳደስነው። ኮሮናና ፒኞኔ ፋብሪካ ላይ ተፋጭተው ነው ጥንድ የሚሆኑት፣ አንዱን ለብቻ ቀይረህ ድምፅ አይኖረውም ማለት ዘበት ነው፣ ስለዚህ ጥንዱን ገዛሁ፣ ኩሽኔታዎቹን በሙሉ፣ ፓራኦሊዮውን፣ ፒኞኔው ላይ የሚገባውን ስፔሰርም አዲስ (አንዴ ከተጨመቀ ሁለተኛ አይሠራም)። አዛውንቱ እንደ ብዙዎቹ በእጅ ነቅነቅ አድርገው «ይሄ ይበቃል» አላሉም፣ ዳያል ጌጅ ገጥመው በኮሮናውና በፒኞኔው መሃል ያለውን ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፣ ጥርሱንም ቀለም ቀብተው አዙረው ንክኪው መሃል ላይ ማረፉን አሳዩኝ። ኮሮና፣ ፒኞኔ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ፣ ስሞቹ ከጣሊያን የቀሩ ናቸው፣ ትዕግስቱም አብሮ በቀረ ያሰኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ግብሩን ሰቅሎታል፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ፣ ስለዚህ እኛ ያለንን አሮጌ እየጠገንን ነው የምንኖረው። ለጋራዥ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ሁለት ነገር ብቻ ያስገድድልን። ደረሰኝ ላይ የተገጠመው ዲፈረንሻል ጥርስ ስንት በስንት እንደሆነ፣ ደግሞም አዲስ ይሁን ያገለገለ ይጻፍ። የተፈታው ዕቃ ደግሞ በማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ለባለመኪናው ይመለስ፣ ከፈለገ ራሱ ለቁራሌ ይሽጠው።

ፎር ባይ ፎር ፒካፕ ያላችሁና ሰሞኑን ዲፈረንሻል ያስቀየራችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ክሪክና ጠመኔ ይዛችሁ የፊቱንና የኋላውን ካርዳን ዙር ቁጠሩ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሃይሉክስ ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን