«የገደል አፋፍ ፖለቲካ» ሙገሳ ሊሆን አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓምዶቻችሁ ላይ አንዳንድ ጸሐፊዎች «የገደል አፋፍ ፖለቲካ» የሚለውን አነጋገር፣ ማለትም ተቀናቃኝን ለማስፈራራት እስከ ጦርነት አፋፍ መሄድን፣ የመሪዎችን ቆራጥነት ለማወደስ ሲያውሉት ስለማነብ፣ ከምን እንደተነሣ ለማስታወስ ይህን እጽፋለሁ።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ፎስተር ደለስ በ1956 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይፍ በተባለው መጽሔት በወጣ ቃላቸው፣ ጦርነት ውስጥ ሳይገቡ እስከ አፋፉ ድረስ መሄድ መቻል አስፈላጊ ጥበብ መሆኑን ተናገሩ፤ ኮሪያን፣ ኢንዶቻይናንና ዛሬ ታይዋን የምንላትን ፎርሞዛንም በአስረጅነት ጠቀሱ። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት አድላይ ስቲቨንሰን ይህን አካሄድ ሲነቅፉ «ብሪንክማንሺፕ» አሉት፤ እኛ «የገደል አፋፍ ፖለቲካ» የምንለው ይህንኑ ነው። ስሙ የወጣው እንግዲህ ለወቀሳ ነው።

ፍሬ ነገሩን ይበልጥ ያብራራው ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሼሊንግ ነው። በእሱ አስተያየት አፋፉ አንድ ሰው ቆሞ ቁልቁል የሚያይበት ስለታም ጠርዝ ሳይሆን፣ እግር መቼ እንደሚከዳ የማይታወቅበት ተዳፋት ነው፤ ዛቻውም የሚያስፈራው መሪው ራሱ አደጋውን ሙሉ በሙሉ ስለማይቆጣጠረው ነው።

ሶቪየት ኅብረት በኩባ የኑክሌር ሚሳኤሎች በማስቀመጧ ከአሜሪካ ጋር በተፋጠጠችበት በኩባ የሚሳኤል ቀውስ ጊዜ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1962 እ.ኤ.አ.፣ የሆነው ይኸው ነው። የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በኩባ ሰማይ ላይ ያለ ሞስኮ ፈቃድ ተመትቶ ወደቀ፣ አብራሪውም ሞተ። በዚያው ዕለት የአሜሪካ መርከቦች ወደ ላይ እንዲወጣ ፈንጂ ይጥሉበት የነበረ አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ኑክሌር ቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ይዞ ነበር፤ ከመርከበኞቹ አንዱ በኋላ እንደመሰከረው፣ በሙቀትና በአየር እጦት የተዳከመው አዛዥ ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን ባያረጋጋው ኖሮ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲና የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ምንም ያህል ብልህ ቢሆኑ ከዋሽንግተንና ከሞስኮ ሆነው ሊያቆሙት አይችሉም ነበር።

እኛ የደሴ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን በትምህርት ቤቶቻችን ስናስጠልል ከርመን፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን በኮምቦልቻ በኩል ተሰደናል። አፋፍ ላይ መድረስን እንደ ጀብዱ የሚተርክ ጽሑፍ ሳነብ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ እንዲህ ያለ አነጋገር ለሙገሳ ሲመጣ ጸሐፊውን እንዲጠይቅ፣ መሪው ምን ያህል እንደደፈረ ብቻ ሳይሆን አደጋው በእነማን ላይ እንደተጣለም እንዲያስጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ