የድጋፍ ጥሪ፦ የደሴው የሕሙማን ማረፊያችን ጣሪያ ወርዷል

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን ወገኖቻችን።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከጦሳ ተራራ የወረደው ነፋስና በረዶ የማረፊያችንን የኋላ ጣሪያ ገንጥሎ ጣለው። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ግን ከሁለቱ የኦክስጅን ማሽኖች አንዱ ውሃ ገባው። አሁን ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና ወስደው ከወረኢሉ የመጡ እናትና ከሐይቅ የመጡ አባት በአንድ ማሽን በተራ ይተነፍሳሉ። ተራ የሚጠብቀው ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ያቃስታል።

መዋጮው ሲቀዘቅዝ የሰማነው ነገር አለ። «ጨረሩን ጨርሰው መጡ አይደል እንዴ? ማሽኑ ምን ያደርግላቸዋል?» ጥያቄው አያስቀይምም። እኛም ሐኪሞቹ እስኪያስረዱን አናውቅም ነበር። ያስረዱን ደግሞ በአይጥ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ደረታቸው ላይ ጨረር ያረፈባቸው አይጦች ለሳምንታት ምንም የሆኑ አይመስሉም። ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ። ቆይቶ ሳንባቸው ይቆጣል። ወደ 6 ወር ግድም ጠባሳው ይታያል። ኮላጅን የሚባለው ነገር ይከማችና እንደ ስፖንጅ የነበረው ሳንባ ይጠጥራል። ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉት ጥቋቁር አይጦች ላይ ጠባሳው ይከፋል፤ ሲ3ኤች የሚባሉት ላይ ያን ያህል አይበረታም።

ሰውም ላይ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ጨረሩም ስንቱን ነፍስ አድኗል። ሳንባው ሲቆጣ ቶሎ ከተደረሰበት ስቴሮይድ በሚባል መድኃኒት ማስታገስ ይቻላል። አንዴ ጠባሳ ከሆነ ግን የሚመልሰው መድኃኒት እስካሁን የለም። ቤቱን ከሕክምናው በኋላ ለወራት ክፍት ያደረግነው ለዚህ ነው።

«ጣሪያውን ለምን ቀድማችሁ አልጠገናችሁም?» ላላችሁን፦ ቆርቆሮው መዛጉን እናውቅ ነበር። ግን መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ ጄኔሬተሩን አስቀደምን። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናደርጋለን። 8 አልጋ፣ ሁለት ማሽን፣ አንድ ጄኔሬተር፤ ደረሰኙ ሁሉ ቅሬያችን (እድራችን) ሳጥን ውስጥ አለ፣ መጥታችሁ እዩ።

የሚያስፈልገን 40 ቆርቆሮ፣ ማገር፣ ምስማርና የማሽኑ ማስጠገኛ ነው። ሰደቃም በሉት ምጽዋት፣ አድርሱልን። እጁ ያጠረው ቅዳሜ ጠዋት በጉልበቱ ይምጣ። ቅሬያችን ሬሳ ለማንሳት ቀርቶ አያውቅም፤ ይኼ ደግሞ በቁም ላለ ሰው ነው።

ሒሳቡ ያው በቅሬው ስም የተከፈተው ነው፤ አልተቀየረም። ቁጥሩ የመዋጮ ደረሰኛችሁ ጀርባ ላይ አለ። በቴሌብርም ስትልኩ የቅሬውን ስም አይታችሁ ላኩ። በግለሰብ ስልክ አትላኩ። አሁንም እንደግመዋለን፤ የቅሬው ስም ካልመጣ አትላኩ።

ለጊዜው ሸራ ወጥረናል። ማታ ማታ ዝናቡ ሲጀምር ማሽኑን ወደ ፊተኛው ክፍል እንገፋዋለን።